ደብረ ብርሃን ላይ አሥራ አንድ ተከራይ ያለበት ጂ+1 ቤት ለኪራይ ገቢ መግዛት፦ ምን ይመርመር? ስንትስ ያወጣል?

ቤት_ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ለኪራይ ገቢ የሚሆን አንድ ቤት እያየሁ ነው። ከመዋዋሌ በፊት የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እፈልጋለሁ።

ቦታው 250 ካሬ ሜትር ነው። ፊት ለፊት ያለው ጂ+1 ቤት ታች ሁለት፣ ላይ ሁለት ቤተሰብ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ሁለት ክፍልና የራሱ ሽንት ቤት አለው። ከኋላ ሰባት ሰርቪስ ክፍል፣ ሁለት የጋራ መጸዳጃና አንድ የጋራ ማድ ቤት አለ። ተከራዮቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ሁለት ነጋዴዎችና ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም አሉበት። ኪራዩ እንደ ሻጩ አነጋገር ፊት ያሉት አራቱ በ6,500 ብር፣ የኋላዎቹ ሰባቱ በ2,500 ብር ነው። የተጠየቀው ዋጋ 7.5 ሚሊዮን ብር ነው።

አራት ነገሮች ያሳስቡኛል። ካርታው ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ) ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ስለሆነ የሚሸጠው ወንድሙ በውክልና ነው። የግንባታ ፈቃዱ ላይ ደግሞ ሰርቪሱ ሦስት ክፍል ብቻ ነው። ደላላው «ሁሉም እንደዚህ ነው» ይለኛል። ቤቱ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ «የልስን ስንጥቅ ነው» ተብያለሁ። ምን ላጣራ? ዋጋውስ ተገቢ ነው?


ውልና_ማስረጃ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከውክልናው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። ወረቀቱ ላይ «ለመሸጥ» የሚለው ቃል፣ የካርታው ቁጥር ወይም የቤቱ አድራሻ፣ «ዋጋውን ለመቀበል» የሚለው ሥልጣንም በግልጽ መስፈር አለበት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሲዘለል ተወካዩ የመፈረም እንጂ ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን የለውም የሚል ክርክር ይነሳል። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በዚያ ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ አገር ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነድ አረጋጋጭ መሥሪያ ቤት ማለፉን ይዩ። ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል፤ ሲሻርም ይቀራል። ስለዚህ ውሉ በሚፈረምበት ሰሞን አለመሻሩን ያጣሩ፤ ባለቤቱን በቪዲዮ ማነጋገርም ጠቃሚ ነው። ዋጋውን ሲከፍሉ ለወንድምየው እጅ በእጅ ሳይሆን በባለቤቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ወይም በስሙ በተዘጋጀ ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ይሁን።

ባለቤቱ ያገባ ከሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995ም የፌዴራሉም እንደዚያ ነው። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ የሌላውን ድርሻ አያጠፋም። ያላገባ ወይም የፈታ ከሆነ የዚያን ማስረጃ ይጠይቁ። ቤቱ ከወላጅ የወረሰው ከሆነ ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃና የሁሉም ወራሾች ፊርማ።

ስለ ነባር ይዞታው። በአገራችን የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም። በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዛሬ የማይከፍለው የሊዝ ክፍያ ስም ሲዞር በእርስዎ ላይ ይመጣል። በመሬት አስተዳደር «ለዚህ ደረጃ ቦታ የካሬው መነሻ ዋጋ ስንት ነው? ቅድሚያ ክፍያው፣ ዓመታዊውስ?» ብለው ጠይቀው በ250 ያባዙት፤ ያ ቁጥር የቤቱ ዋጋ አካል ነው። የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ለንግድ ግን ያንሳል። አንድ ክፍል ወደ ሱቅ ለመለወጥ ካሰቡ የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

እዚያው እያሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይውሰዱ፤ የዕዳና እግድ ማጣሪያ (የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ)፣ የቤትና ቦታ ግብር ዕዳ አለመኖሩን፣ እንዲሁም ቦታው በከተማው ፕላን መንገድ ይነካው እንደሆነ። ደብረ ብርሃን እየሰፋች ያለች ከተማ ስለሆነች የመጨረሻውን መዝለል አይገባም። አጥሩ አሁን ቆሞ ስላዩት መንገዱ አያልፍበትም ማለት አይደለም።

አራቱ ከፈቃድ ውጭ የተሠሩ ክፍሎች። «ሁሉም እንደዚህ ነው» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የእርስዎን ኪሳራ አይቀንስም። ለልማት ቢነሱ በአዋጅ 1161/2011 ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊ መንገድ ለተሠራ ንብረት ነው። ባንክም ለመያዣ ሲገምት በፕላኑ ላይ ያለውን ነው የሚቆጥረው። ስም ለማዛወር ሲሄዱ መሐንዲስ ወጥቶ ሲለካ ልዩነቱ ከተገኘ ወይ ቅጣትና ማስተካከያ፣ ወይ ማፍረስ ይጠየቃል። ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ሻጩ ከሽያጩ በፊት በራሱ ወጪ አስተካክሎ የታደሰ ፕላን ያምጣ። አይሆንም ካለ እነዚያን ክፍሎች በዋጋው ውስጥ አያስገቧቸው።

ውሉን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ደላላ ቤት በተጻፈና በሁለት ምስክር በተፈረመ ወረቀት ሚሊዮን ብር አይስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ያ የሌለው ውል ሲካካድ ገንዘብ በማስመለስ ክርክር ዓመታት ያልፋሉ። ቀብድ መስጠት ካለብዎት ትንሽ ይሁን። በሕጉ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ሲተው እጥፍ ይመልሳል፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ሲጻፍ ነው፤ «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ ሌላ ትርጉም ያመጣል።

የቴምብር ቀረጥ የዋጋው 2 በመቶ ነው። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ውል ላይ መጻፍ የተለመደ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎት ውሉ ላይ የተጻፈው ነው፤ ቀረጡንም ቢሆን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ሊያሰላው ይችላል። ባለቤቱ የማይኖርበት የኪራይ ቤት ስለሆነ በአዋጅ 979/2008 የካፒታል ጥቅም ግብር 15 በመቶ አለበት፤ የሻጩ ነው። ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን ስም ማዛወሪያው ላይ ሥራው ይቆምና ገዢው እንዲከፍል ይለመናል።


የደጋ_ግንበኛ፦

ወንድሜ፣ «የልስን ስንጥቅ» መሆኑን በዓይንህ መለየት ትችላለህ። የልስን ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ፣ ፀጉር የሚያህል ነው፤ በመዶሻ ስትነካው ልስኑ ይለቅና ከሥሩ ያለው ብሎኬት ጤነኛ ይሆናል። የሚያስፈራው ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣው ወይም የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚሄደው ነው። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ውጭም ውስጥም ከታየ፣ በሩም መግጠም ካቃተው መሠረቱ ተንቀሳቅሷል።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። የደብረ ብርሃን አምባ ብዙ ቦታው መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መሠረቱ በዚህ ንብርብር ላይ ካረፈ ቤቱ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ደህና የተሠራ ቤት ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ እስከ ጽኑው ንብርብር ወይም አለቱ የወረደ ነው። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅደህ ከግድግዳው አጠገብ ግማሽ ሜትር በአንድ ሜትር አስቆፍር። የግንቡን ታች እስክታገኝ ድረስ ውረድ። ግንቡ 60 ወይም 70 ሳንቲ ላይ አልቆ ከሥሩ አሁንም ጥቁር አፈር ካየህ ያ ቤት ጥገናው አያልቅም። ሻጩ ማስቆፈር እምቢ ካለ እምቢታውን እንደ መልስ ቁጠረው።

ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን ለማወቅ በላዩ ላይ በመዳፍ ስፋት ጂፕሰም ለጥፍና ቀን ጻፍበት። በሁለት ወር ውስጥ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ እየሄደ ነው። ከቤቱ በአራት አምስት ሜትር ውስጥ ባሕር ዛፍ መኖሩንም እይ፤ ሥሩ ውኃውን ስለሚመጠው በዚያ በኩል ያለው አፈር ይኮማተርና ጥጉ ይሰምጣል። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር የሚሆን ሲሚንቶ ንጣፍና ሙሉ አሸንዳ ከሌለ የጣሪያው ውኃ በቀጥታ መሠረቱ ሥር ይገባል። ይህን ማሟላት ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚጠቅመው ጥገና ነው።

ጂ+1ውን ለብቻው መርምር። ኮለንና ቢም (የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) አለው ወይስ ሶሌታው (የፎቁ ወለል) በብሎኬት ግድግዳ ላይ ነው የተጫነው? ታች ያለው ክፍል ጥግ ላይ ልስኑን ትንሽ አስነስተህ እይ። መጀመሪያ ለጂ+0 ታስቦ ኋላ ፎቅ የተጨመረበት ብዙ አለ፤ የግንባታ ፈቃዱ ላይ ጂ+1 ይል እንደሆነ አረጋግጥ፣ የስትራክቸር ፕላኑንም ጠይቅ። መሐንዲስ ስትይዝ የኮንክሪቱን ጥንካሬ በሽሚት ሀመር እንዲለካ ንገረው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ፍሳሹ ላይ ገዢዎች አይቆሙም፣ እኔ ግን እዚያ ነው የምትቆመው እላለሁ። አሥራ አንድ ቤተሰብ በአማካይ ሦስት ሦስት ሰው ቢሆን 33 ሰው ነው፤ ለአንድ ሰው 30 ሊትር ብትይዝ በቀን አንድ ሺህ ሊትር ገደማ ፍሳሽ ይወጣል። መረሬ ውኃ አያሰርግም። ተራ የሚያሰርግ ጉድጓድ ብቻ ከሆነ በክረምት ከላይም ከጎንም ውኃ ይገባበትና በሳምንታት ውስጥ ይሞላል፤ ከዚያ የፍሳሽ መኪና ወጪ ነው። ክዳኑን አስከፍተህ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ወለሉ በኮንክሪት የተደፈነ መሆኑን እይ፤ ተከራዮቹን «በዓመት ስንቴ ይመጠጣል?» በላቸው። መኪናው ግቢ ድረስ መግባት ካልቻለ ሌላ ችግር ነው። ከጉድጓዱ ወደ ጎረቤት የሚወርድ ቱቦ ካለ የጎረቤት ክስ ይዘህ ነው የምትገዛው።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለ33 ሰው የሦስት ቀን መጠባበቂያ 3,000 ሊትር ሮቶ ይፈልጋል። ሲሞላ ሦስት ቶን ነው። ሶሌታው መሐል ላይ አታስቀምጠው፤ ወይ መሬት ላይ አድርገህ በፓምፕ ወደ ላይ፣ ወይ ኮለን ካለበት ቦታ ላይ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ከግድግዳ ውጭ የተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ሌሊት ይረጋል፣ መገጣጠሚያውም ይሰነጠቃል፤ ውጭ ያለውን ቅበረው ወይ ሸፍነው። በዚያው ወራት ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ከጣሪያው ጠብታ ያወርዳል። ሰርቪሶቹ ኮርኒስ ከሌላቸው ኪራዩ ለምን 2,500 እንደሆነ ገብቶሃል ማለት ነው።

መብራቱ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ አብረው ከተጣዱ 48 አምፔር። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሶኬት ላይ ምጣድ ተሰክቶ ካየህ ሶኬቱ ጠቁሮ ታገኘዋለህ። ለምጣድ የራሱ 4 ወይም 6 ካሬ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል፤ የመሬት ሽቦውም ይፈተሽ። ቆጣሪው አንድ ብቻ ከሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ስለሚያድግ አሥራ አንዱም ቤተሰብ በከፍተኛው እርከን ይከፍላል፤ በግቢው የማያባራ ጠብ ምንጩ ይህ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ቆጣሪ ማስገባት ይቻል እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ካልሆነም በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ አስገባ።

አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ብርድ ተከራይ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ይተኛል፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። በየክፍሉ ከላይ የማይዘጋ የአየር መውጫ ይኑር። አንድ ብሎኬት ማውጣት ብቻ ነው።


ቁጥር_ይናገር፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ዋጋው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ላሳይ። ሻጩ ክፍል ቆጥሮ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢ መቁጠር ያለበት ግን ወረቀቱ የሚያውቀውንና ወጪ የተነሳለትን ኪራይ ነው።

በሻጩ ቁጥር፦ አራት በ6,500 ብር 26,000፣ ሰባት በ2,500 ብር 17,500፤ ድምር በወር 43,500፣ በዓመት 522,000 ብር። ከዚህ ላይ በዓመት የአንድ ወር ባዶነት 43,500 ቀንስ። ለጥገና 60,000፣ ለፍሳሽ መኪና፣ ለጋራ መብራትና ውኃ 30,000 ያዝ። የቀረው 388,500 ነው። በ7.5 ሚሊዮን ሲካፈል 5.2 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ያውም የኪራይ ገቢ ግብር ገና ሳይነሳ። ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በባንክ ብድር ለመግዛት ካሰብክ ደግሞ ኪራዩ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም።

ቢያንስ 7 በመቶ ለማግኘት 388,500 የሚያወጣው 5.55 ሚሊዮን ነው። አሁን ከፈቃድ ውጭ ያሉትን አራት ክፍሎች አውጣቸው፤ በወር 10,000 ይቀንሳል። የዓመቱ ኪራይ 402,000፣ የአንድ ወሩ ባዶነት 33,500፣ ጥገናና ሌላው እንዳለ 90,000፤ የሚቀረው 278,500 ነው። በ7 በመቶ 4 ሚሊዮን ገደማ። እንግዲህ ሻጩ ሰርቪሶቹን ሕጋዊ አድርጎ ካመጣ ወደ 5.5 መጠጋት ይቻላል፤ ካላመጣ 4 ነው። የሊዝ ቅድሚያ ክፍያውን፣ የቴምብሩን 2 በመቶና የመሠረት ጥገናውን ከዚያው ላይ ትቀንሳለህ። የቤት ዋጋ ወደፊት ይጨምራል የሚለው ተስፋ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ያንን ተስፋ ሻጩ ዛሬ እንዲሸጥልህ አትፍቀድ።

43,500 የሚለውንም አትመን። የእያንዳንዱን ተከራይ ውልና የሦስት ወር የባንክ ወይም የቴሌብር ክፍያ እይ። ለሽያጭ ሲባል ዘመድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ «ሁሉም ተይዟል» ማለት አለ። ሻጩ የወሰደው ቅድሚያ ኪራይ ካለ ለአንተ ይተላለፍ፤ ካልሆነ ሦስት ወር ነጻ ታስተዳድራለህ።

«ገዝቼ ኪራይ እጨምራለሁ» ብለህ ካሰብክ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016ን አንብብ። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚወጣው ጣሪያ ነው። ሒሳብህን አሁን ባለው ኪራይ ሥራ።

ስለ ተከራዮቹ ዓይነት። መደባለቃቸው ለገቢህ ጥሩ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀበት ከ2011 ወዲህ ሰርቪስ ክፍል የሚፈልገው በብዛት የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሆነው 3 በ4 ክፍል ይይዛሉ። ግን ፋብሪካ ሲቀዛቀዝ ሁሉም በአንድ ወር ይለቃሉ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ (ከአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል) ስትወጣ ወደ አሜሪካ ልብስ የሚልኩ ፋብሪካዎች ምን ያህል እንደተጎዱ አስታውስ። መምህሩና ነጋዴው ኪራይ በዝግታ ነው የሚለቁት። ከአሥራ አንዱ ከግማሽ በላይ በአንድ ቀጣሪ ላይ የተንጠለጠለ ግቢ አትግዛ።

የጋራ ማድ ቤቱን አስብበት። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ በጾም ወራት ደግሞ የጾመኛው ድስትና የሥጋው ድስት አንድ ምድጃ ላይ ሲገናኙ ቅሬታ ይነሳል። ይህ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ በምክር አይፈታም፤ በግንብ ይፈታል። ማድ ቤቱን በብሎኬት ሦስት ቦታ ከፍለህ ለየብቻ በርና መደርደሪያ ስጣቸው። ወጪው ትንሽ ነው፣ ተከራይ ያቆያል።


ቤት_ፈላጊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ልጨምር። ሻጩ ግንብ ማስቆፈሩን ፈቅዷል፤ ግን ቀብድ 500,000 አስቀድመህ አምጣ ይላል። ደግሞስ ኢንሹራንስ ላይ ምን ትላላችሁ?


ውልና_ማስረጃ፦

ቁፋሮው ከቀብዱ ይቅደም። የዕዳና እግድ ማጣሪያውም እንዲሁ። ቀብዱ ላይ ከተስማሙ 50,000 ይበቃል፤ ወረቀቱም «የመሠረት ምርመራው ወይም የይዞታ ማጣሪያው ችግር ካሳየ፣ ወይም ሰርቪሶቹ በ60 ቀን ውስጥ ፕላን ላይ ካልገቡ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ይጨምር። ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል ሻጭን በዚያው ቀን ይተዉት።

ለኢንሹራንስ፣ ተራው የእሳት ፖሊሲ ጦርነትንና ሕዝባዊ ሁከትን አያካትትም። በ2013 አጣዬ ላይ የወደመውን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻ ተጨምሮ ይገዛል፤ ሲጠይቁ በስሙ ይጥሩት። መድን ሰጪውም የሚተምነው በፕላኑ ያለውን ስለሆነ ፕላኑ ከመታደሱ በፊት ፖሊሲ አይግዙ።


የደጋ_ግንበኛ፦

ስታስቆፍር ሁለት ቦታ ይሁን፤ አንዱ ስንጥቁ ባለበት ጥግ፣ ሌላው በተቃራኒው። አንዱ ጥግ ጥልቅ፣ አንዱ ጥልቀት የሌለው ሆኖ የተሠራ መሠረት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ያኔ ቤቱ የሚሰነጠቀው መሐሉ ላይ ነው። ከጉድጓዱ የወጣውን ጥቁር አፈር እዚያው መልሰህ አትሙላው፤ በቀይ አሸዋ ወይም በጠጠር ሙላና በደንብ ጠቅጥቀው፣ ካልሆነ መጪው ክረምት ያው ጥግ ላይ ውኃ ይሰበስባል።